አምስት ቮልት ተኩል

ሰኞ 4

እማማ ትናንት ከሆስፒታል ወጡ። የወደቁት ከገዛ ደረጃቸው ላይ ነው፤ አርባ ዓመት የወጡት የወረዱት ሰባት ደረጃ። ዳሌያቸው ውስጥ ብረት ገብቶላቸዋል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ከሩቅ መጥተው «አንቺ ቆዪ»፣ «የለም አንቺ ቆዪ» ሲባባሉ፣ እማማ ከተኙበት «ሁለታችሁም ሂዱ፤ የሚያነሣኝ ልጅ አለኝ» ብለው ዝም አሰኟቸው። የሚያነሣቸው ልጅ በያጁ ነው፣ የመጨረሻው። ብየዳ ቤቱ ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዙሪያውን መያዣ ያለው የብረት አልጋ በሁለት ቀን ሠራላቸው። ሾርባ ይዤ ሄጄ አየሁት፤ መርከብ ይመስላል። እማማ መያዣውን እየደባበሱ «ከዚህ ከወደቅሁማ ሆን ብዬ ነው» አሉኝ። ጨዋታቸው አልተሰበረም፣ ተመስገን።

ደረቁ ንፋስ ጀመረ። ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ፣ ፀጉሬ ከማበጠሪያው ጋር አብሮ ይነሣል፣ የበሩ እጀታ እንኳ ይቆነጥጣል። አቧራውን አላወራም። ደግነቱ እህቴ አንድ ለስላሳ፣ ፀጉራም የአቧራ ጨርቅ ልካልኛለች። አቧራው ራሱ እየዘለለ ይለጠፍበታል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጨርቅ አላየሁም።

ቅድም የአሻንጉሊቶቹ እናት መጣች። የአሻንጉሊት ትያትር ባለቤት ስለሆነች ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን። ትያትሯ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በሚመጣው ወር፣ ቅዳሜ 14፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ፣ የጥንቸሉን፣ ከነሙዚቃው ልታሳይ ነው። ሙዚቃው የባለቤቴ ነው፤ ገና ሳንጋባ በዚያ እንደ ዳቦ በወፈረ አሮጌ ኮምፒውተር የደረሰው። ማሽኑ ውስጥ የምትዘፍነው አንዲት ቺፕ ናት፤ ርዝመቷ ከአመልካች ጣቴ ታንሳለች፣ ሃያ ስምንት እግር አላት፣ ሦስት ድምፅ ባንዴ ታወጣለች። እሷን መሥራት ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ባለቤቴ አራት አሉት፤ አንዷ ማሽኑ ውስጥ፣ ሦስቱ በእኔ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ጥቁር ስፖንጅ ላይ ተሰክተው።

«በቴፕ ቀድቶ ቢሰጥሽስ?» አልኳት።

«ቴፕ አይጠብቅም እህቴ። ልጆቹ ሲስቁ ጥንቸሉ ይቆማል፣ ማሽኑም አብሮት ይቆማል። ባልሽ ቁልፏን ሲነካት ደግሞ ይቀጥላሉ።» አንድ ወጣት በስልኩ አስመስሎ ሠርቶላት ነበር። ምን ይመስላል ስላት «ጥርሱን ያወለቀ ዘፋኝ» አለች።

ባለቤቴ ከራዲዮ ጥገናው ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ፊቱ ሲበራ አላየሁም። «በሕይወቴ ከባዶ ተነሥቼ የሠራሁት እሱን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሰው ሥራ መጠገን ነበር» አለ። ማሽኑን ከቁምሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። እኔም በአዲሱ ጨርቅ ወለወልኩለት፣ ጎኑ ላይ እስካሉት ቀዳዳዎች ድረስ። ሲበራ ዘፈነ። ቆሜ ሰማሁት።

ሐሙስ 7

ሞተች። አንደኛዋ። ጠዋት ቤቱን አጸዳድቼ፣ ማሽኑንም ወልውዬ ስጨርስ ባለቤቴ አበራው። ስክሪኑ ይሠራል፤ ድምፅ የለም። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ ብየዳው ተንጣጣ፣ አምፖላችን ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ።

«መብራቱ ሳይሆን አይቀርም» አለ ባለቤቴ። ሳይሆን አይቀርም ነው ያለው። እኔ ግን «ነው» ብዬ ወጣሁ።

ብየዳ ቤቱ በር ላይ አራት ባለጉዳይ ቆሟል። «አንተ ልጅ፣ ያንተ ብልጭታ የሰው ሙዚቃ ገደለ» አልኩት።

ጭምብሉን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። «እትዬ፣ የኔ ቆጣሪ ለብቻው ነው።»

«ታዲያ አምፖሌ ለምን ይደበዝዛል?»

«ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ትራንስፎርመር ስለሆነ ነዋ።»

«አየህ፣ አመንክ» አልኩት። ባለጉዳዮቹ ሳቁ፤ የሳቁት በእሱ ነው። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው እንደዚያ አይደለም።

ለእማማ ሾርባ ሳልወስድ ዋልኩ። ሥራ በዝቶብኝ።

አንደኛዋ ቺፕ። ለምን፦ ብየዳ።

ቅዳሜ 9

«ለምን» የሚለውን ለምን እንደምጽፍ ባለቤቴ ጠየቀኝ። የፋብሪካ ልማድ ነው አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ትራንስፎርመር ፋብሪካ ሽቦ ስጠቀልል ኖሬያለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ግን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዙር እያወራሁ ሳላሳስት እቆጥር ነበር። ተቆጣጣሪያችን ሌሎቹ የጠቀለሉትን ሲያስቆጥር የእኔ ጋ ሲደርስ «ይቺ ተቆጥራለች» ብሎ ያልፍ ነበር። በየምሽቱ ደብተር እንጽፋለን፤ ምን ተሠራ፣ ምን ተበላሸ፣ ለምን። የመጨረሻውን ባዶ ትቶ ወደ ቤት መሄድ አይቻልም።

እና ዘበኛ ልሠራ ነው።

የማሽኑ ኃይል የሚመጣው ከአንዲት ጥቁር ጡብ ከምታክል ነገር ነው። ውስጧ እንደ ሬንጅ በደረቀ ነገር ተደፍኖ፣ ስትሞቅ መተንፈሻ የላትም። ደህና ሳለች አምስት ቮልት ትሰጣለች። ስታረጅ ግን ሳትናገር ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ትለቃለች። አምፖል ቢሆን ደምቆ ይነግርሽ ነበር፤ ቺፕ ግን ዝም ነው የሚለው። ከመንገድ የሚመጣው መብራት ሲዘልም በእሷው በኩል ያልፋል። የኔ ሳጥን በጡቧና በማሽኑ መሃል ይቀመጣል። ሥራው ቮልቱን ማየት ብቻ ነው። ከአምስት ተኩል ሲያልፍ ቀጭ ብሎ ይቆርጣል፤ ሰው መጥቶ አጣርቶ እስኪመልሰው ድረስም አይከፍትም። ሥዕሉን ባለቤቴ ከድሮ መጽሔት አወጣልኝ። እርሳስ አቅልጦ ሽቦ የሚያጣብቀውን ካውያ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የሱ እጅ ዘንድሮ ይንቀጠቀጣል።

«ፋብሪካው ያላሰበውን አንቺ ልታስቢለት ነው?» አለኝ።

«ፋብሪካው ያንተን ጥንቸል አያውቀውም» አልኩት።

ማክሰኞ 12

ተሠራ። ማቀፊያው ሰማያዊ የሳሙና ማስቀመጫ ነው፣ ክዳን ያለው። ቮልቱን ከአምስት ጀምሬ በትንሽ በትንሹ ከፍ አደረግሁት። አምስት ነጥብ ሁለት፣ ዝም። አምስት ነጥብ አራት፣ ዝም። አምስት ተኩል፣ ቀጭ። አርባ ጊዜ ሞከርኩት። አርባውንም ቆረጠ። አርባውንም ጻፍኩ። ብቻዬን ፈገግ ስል ባለቤቴ አይቶኛል።

ከሰዓት የአሻንጉሊቶቹ እናት ለጨዋታው ቀን ያሳተመችውን ወረቀት አመጣች። «ሙዚቃና ኤሌክትሮኒክስ» ይልና የባለቤቴን ስም ያስከትላል። ልክ ነው። ሙዚቃው የሱ ነው፤ ኤሌክትሮኒክሱም የቤታችን ነው። ለነገሩ ማተሚያው ቀለሙን አደብዝዞታል፣ ማን ያነበዋል።

ዓርብ 15

ሁለተኛዋ ገብታ ስትዘፍን አራተኛ ቀኗ። ከግድግዳው ማዶ ብየዳው እየተንጣጣ፣ አምፖሉ እየደበዘዘ፣ እሷ ትዘፍናለች። በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ጥንቸሉ አጥሩን ሲዘል ሦስቱም ድምፆች ባንዴ ከፍ የሚሉበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ባለቤቴ ሁልጊዜ ትከሻውን ያነሣል፣ ራሱ የሚዘል ይመስል። ሳቄን እጄን አፌ ላይ አድርጌ እይዘዋለሁ።

ባለቤቴ ለሰፈራችን መድኃኒት ሻጭ በራችን ላይ «ሳጥን ሠራን እኮ» ሲለው ሰማሁ። ሠራን።

ሰኞ 18

ሁለተኛዋ። ሳጥኑ አልቆረጠም። ማታ ዘፍና ያደረች፣ ጠዋት አጸዳድቼ ስናበራት ሁለቱ ድምፅ ጠፍቷል፣ ሦስተኛው ይንሾካሾካል።

ሳጥኑን ፈትቼ ገጠምኩት። አምስት ተኩል ላይ ቀጭ። ሳጥኔ አልዋሸም። ታዲያ?

ባለቤቴ «ያሉትን ሁለቱን እንቆጥባለን» ብቻ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። እጁን ኪሱ ሲከት አልወድም።

ለምን፦ ብየዳ፣ ምናልባት በአየር።

ረቡዕ 20

በያጁ ራሱ መጥቶ በር አንኳኳ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

«እትዬ፣ እስከ ጨዋታው ድረስ ከግድግዳችሁ ማዶ አልበይድም። ማሽኔን ጋሪ ላይ ጭኜ ባለጉዳይ ቤት ድረስ እየሄድኩ እሠራለሁ።»

«ያን ያህል እንኳ…» አልኩ።

«ሙዚቃውን እማማ በግድግዳው በኩል ይሰሙታል። ሲቋረጥ እኔን ነው የሚያዩኝ» አለ። ከዚያ ደግሞ «ጠፋችብኝ ይሉሻል» አለኝ።

እሄዳለሁ አልኩት። ዛሬ ግን ልብስ ነበረብኝ።

ሰኞ 25

ሦስተኛዋ፣ ዓርብ ለሙከራ የገባችው። ብየዳ ቤቱ ከተዘጋ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ቤቱ እንደ ብርጭቆ ጠርቷል፣ ንጹሕ። እሷ ግን የለችም።

ለምን፦

ማክሰኞ 26

ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቴ ሁለት ሴቶች።

«በያጁ እኮ ሱቁን ዘግቶ ጋሪ እየገፋ ነው።»

«ማን አዘጋው?»

«ያቺ የራዲዮ ጠጋኙ ሚስት። መብራት ገደለብኝ ብላ።»

«አሁንስ አልሞተባትም?»

«እንዴት አይሞት። ከሰው ተጣልታ።»

ዞር ቢሉ ያዩኛል። አልዞሩም። ዳቦዬን ተቀብዬ በሌላ መንገድ ተመለስኩ።

ባለቤቴ አራተኛዋን ከስፖንጁ ነቅሎ ማሽኑ ውስጥ አስገባትና ሳያበራ ክዳኑን ዘጋ። «ሙዚቃ ባይኖርም ጥንቸሉ መዝለሉ አይቀርም» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በምን ይቆጣኛል ግን? ምን አደረግሁ? ትናንት የተውኩት ባዶ ቦታ ገጹን በገለጥኩ ቁጥር ያየኛል።

ሐሙስ 28

በመጨረሻ እማማ ጋ ሄድኩ። ሾርባ ሠራሁ፤ ደግሞም ወንድ ልጅ ብቻውን የያዘው ቤት አቧራ ሳይበላው አይቀርም ብዬ ያቺን የእህቴን ጨርቅ በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ማጽዳት ለኔ ይቅርታ መጠየቂያዬ ነው፤ በአፌ ስለማይመቸኝ።

«አገር ለቀሽ የሄድሽ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እማማ።»

«ግድግዳው ስስ ነው፤ ሥራሽን ሁሉ እሰማዋለሁ» አሉና ሾርባቸውን ቀመሱ። ምን እንደሰሙ አልጠየቅሁም።

ማፈሬን ልደብቅ መወልወል ጀመርኩ። መስኮቱን፣ ወንበሩን፣ የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብሱን። ከዚያ ትራሳቸውን ላስተካክል ጎንበስ ብዬ የአልጋውን ብረት ስነካ ጠሽ አለ። ከጣቴ ጫፍ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለች፤ ሁለታችንም አየናት። እማማ እስኪያማቸው ሳቁ፣ ዳሌያቸውን በእጃቸው ይዘው።

«በይ እንግዲህ፣ አንቺም በያጅ ሆንሽ።»

እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር። ጨርቁን አየሁት። እጅጌዬ ላይ ተለጥፏል፣ ባራግፈውም አይወርድም። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ቤት ገብቼ መብራት መፈተሻውን ካቻቢቴ አወጣሁ፤ ጫፉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ውስጡ ያለችው ትንሽ አምፖል የምትበራውን። ጨርቁን አምስት ጊዜ ሶፋው ላይ አሸሁትና የካቻቢቴውን ጫፍ የምድጃውን ብረት አስነካሁት። ብልጭ አለች። ከግድግዳ ሳይሆን ከእኔ። ደገምኩት። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፤ አሥሩንም በራች። ያቺ አምፖል ከስልሳ ቮልት በታች አትበራም። የቺፗ እግር የሚችለው አምስት ነው።

በማሽኑ ጎን ጆይስቲክ የሚባለው የጨዋታ መዘውር የሚሰካበት ቀዳዳ አለ፣ ዘጠኝ መርፌ ያለው። ከዘጠኙ ሁለቱ ወደ ድምፅ ቺፗ እግር ይሄዳሉ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ሳጥኑን ስሠራ እኔው በሥዕሉ ላይ መስመሩን በጣቴ ተከትዬ አግኝቼዋለሁ፣ እንዲያውም «ጎበዝ» ብዬ ራሴን አመስግኜ ነበር። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ደግሞ እነዚያኑ መርፌዎች በጨርቁ ጫፍ አንድ በአንድ ስወለውላቸው ነበር። በዋናው በር ዘበኛ አቁሜ በጓሮ በር የገባሁት እኔ ነኝ።

ሦስቱም። ለምን፦ እኔ።

ቅዳሜ 30

ትናንት ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ዋልኩ። ዛሬ ቁርስ ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። ካቻቢቴውንም አሳየሁት፤ አሥራ አንደኛ ጊዜ በራች። ሻዩን አስቀመጠ። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው።

«እኔ እኮ በእነዚህ ነው ብዬ ነበር» አለ። «ሳስገባት እግሯን ሳልነካካት አልቀረሁም፣ ሲንቀጠቀጥብኝ ሰብሬያት ይሆናል ብዬ። አንቺ በያጁን ስትሰድቢ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው።»

ሦስት ሳምንት። እኔ ሳጥኔን ስጠራጠር እሱ እጁን። በቁጣ ፈንታ ፊቱ ሲፈታ አየሁ፣ ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው። ይህን ሳይ ነው ጥፋቴን በመናገሬ የኮራሁት። እንዲህ የሚባል ኩራት መኖሩንም አላውቅም ነበር።

«ቀጥሎ በያጁ ነው» አልኩት።

«ልከተልሽ?»

«የለም። ስሰድበው ብቻዬን ነበርኩ።»

በያጁ የዳቦ ቤቱን የብረት በር እየሠራ ነው። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ሰው ባይኖር እመርጥ ነበር፤ ግን የሰደብኩት ሰው ፊት ነው። ብየዳውን እስኪያቆም ጠበቅሁ።

«አንተ ልጅ፣ ብልጭታው ያንተ አልነበረም» አልኩት፣ ሰልፉ እንዲሰማ አድርጌ።

«ታዲያ የማን ነበር እትዬ?»

«የእኔ። በአቧራ ጨርቅ። ሦስቱንም የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አንተን ደግሞ በከንቱ ጋሪ አስገፋሁህ። ይቅር በለኝ።»

ሰልፉ ውስጥ እነዚያ ሁለት ሴቶች ዛሬም አሉ፤ አንዷ ከረጢቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። በያጁ ጭምብሉን አወለቀ። «እማማ ነግረውኛል። "ከጣቷ በየደች" ብለው ሦስት ቀን ሲስቁ ነው የከረሙት። እኔም የሙያ ባልደረባዬ መቼ ትመጣ ይሆን እያልኩ ነበር።» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ዛሬ በእኔ ነው የሳቁት፤ ይገባኛል፣ ደግሞም ያን ያህል አልከበደኝም።

«አሁን ያቺን አንዷን ምን ያድናታል?» አለኝ።

ነገርኩት። ሰው ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ያለበትን ኤሌክትሪክ ሁሉ የሚያራግፍበት ብረት፤ ከብረቱ ሽቦ፣ ከሽቦው እርጥብ መሬት ውስጥ የገባ ቱቦ። እጁን በሱሪው ጠረገና «ለዚህማ አሁኑኑ ልለካ» አለ።

ማክሰኞ 3፣ አዲሱ ወር

ብረቱ ተተከለ። በራችን ጎን፣ እጅ በሚደርስበት ቁመት፣ ክንድ የሚያህል ዘንግ። ጫፉን እንደ ጥምዝ ቀንድ አዙሮታል፤ እንዲህ አድርግ ያለው የለም። ለአዳራሹም ሌላ ትንሽ ሠርቷል። ቱቦውን መሬት ውስጥ ሲቀብር እኔ ውኃ አፈሰስኩ። በመጨረሻ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪኩን የሚያዘገይ ትንሽ ሬዚስተር አስገባሁበት፣ የነካውን ሰው ቀስ ብሎ እንዲያራግፍ፣ እንዳይቆነጥጥ።

ለጆይስቲኩ ቀዳዳም ክዳን ሠራሁ፤ ውስጡ አራት ዳዮድ፣ ከልክ ያለፈውን ወደ መሬት የሚሸኙ። ያቺ ጨርቅ ማሽኑ ያለበት ክፍል አትደርስም። አልጣልኳትም፣ የእህቴ ስጦታ ናት። መስኮት ትወለውል።

ብየዳ ቤቱ ተከፈተ። ሲንጣጣ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሰኞ 9

ልምምድ እኛ ቤት። ብረቱን ሳይነካ የሚያልፍ የለም፤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የአሻንጉሊቶቹ እናት ነካችና ገባች። ከዚያ ጥንቸሉን ከሻንጣው ስታወጣው ፀጉሩ ናይለን ነው፣ ቆሟል፣ ይንጣጣል።

«እሱም ይንካ» አልኳት።

«ጥንቸሉ?»

«ጥንቸሉም፣ ቀበሮውም፣ አትክልተኛውም።»

አንድ በአንድ እጃቸውን ይዛ አስነካቻቸው። ጥንቸሉ በእሷ ድምፅ «እኔ ጎመን እንጂ ቺፕ አልሰርቅም እኮ» አለኝ። ባለቤቴ ከሳቁ ብዛት የመጀመሪያውን ቁልፍ ሳተው።

አራተኛዋ ዘፈነች። ሦስቱም ድምፅ። ማሽኑ ሲጠፋ ሁላችንም ተነፈስን።

ቅዳሜ 14፣ ከእራት በኋላ

ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ልጆች ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ከመድረኩ ጎን ጠረጴዛ፤ ባለቤቴ፣ ማሽኑ፣ ሰማያዊው ሳጥኔ፣ ከጎኑ እኔ ቮልት መለኪያ ቴስተሬን ይዤ። ትንሿ ማራገፊያ ብረት ከውኃው ቧንቧ ጋር ተያይዛለች። እማማ ቤት ቀርተዋል፤ ደረጃው ገና አልተፈቀደላቸውም። በያጁ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ በታጠበ ሸሚዝ።

የመጀመሪያው ግማሽ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ልጆቹ ሲስቁ ጥንቸሉ ይቆማል፣ ሙዚቃውም ይቆማል፣ ባለቤቴ ጣቱን አንሥቶ ይጠብቃል። ያ ጣት ቁልፉ ላይ ሲያርፍ አይንቀጠቀጥም። ይህን እዚያ ነው ያየሁት።

ከዚያ ጥንቸሉ ወደ አጥሩ ሲንደረደር የአዳራሹ አምፖሎች ሁሉ ደመቁ። ነጭ ሆኑ። ከውጭም የመንገዱ መብራት እንደ ቀን አበራ። ቀጭ።

ስክሪኑ ጠቆረ። ሙዚቃው ከመሃል ተቆረጠ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ቆርጧል እንጂ አልሞተችም» አልኩት፣ እንደማውቅ ሆኜ። ሳላውቅ ነው።

አምፖሎቹ ወደ ልካቸው ተመለሱ። ግማሽ ደቂቃ ቆጠርኩ፣ እንደ ድሮው በጣቴ። ከጡቧ የሚመጣውን ለካሁ። አምስት ከአሥራ ሁለት መቶኛ። አሁንም ለካሁ። ያው። መመለሻውን ተጫንኩ። ማሽኑ በራ፤ ግን ሲጠፋ ያለውን ሁሉ ይረሳል፣ ሙዚቃውን ከካሴት እንደገና እስኪያነብ አራት ደቂቃ ይፈጃል። አራት ደቂቃ፣ ሁለት መቶ ልጅ ፊት።

የአሻንጉሊቶቹ እናት ከመጋረጃው ሥር አየችን። አራት ጣት አነሣሁላት። ጥንቸሉ አጥሩን ቀና ብሎ አየ፣ ልጆቹን አየ። «በጣም ከፍ ያለ አጥር ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ ያስፈልጋል» ብሎ ተኛ። አንኮራፋ። አትክልተኛው መጥቶ ጎመኑን ቆጠረ፣ ጥንቸሉን ግን አላየውም፤ ልጆቹ «ከኋላህ» እያሉ እስኪደክማቸው ጮኹ። እኔ የማየው የካሴቱን መዞር ብቻ ነው።

ካሴቱ ቆመ። ባለቤቴ ጣቱን አነሣና ቁልፉን ነካ።

ሦስቱም። ሦስቱም ድምፆች ከፍ አሉ፣ ጥንቸሉ ነቃ፣ ዘለለ። ባለቤቴም ትከሻውን አነሣ። እኔ አለቀስኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ፤ አንድ እጄ ብረቷ ላይ ነበር፣ እንባዬ ቺፗን እንዳይነካ ይመስል።

ሲያልቅ ሰው ጠረጴዛውን ከበበው። የድምፅ መሣሪያ የሚያከራይ ሰውዬ የራሱ ማጉያ በዚያች ቅጽበት ተቃጥሎበታል፤ ሳጥኑን ቀና አድርጎ እያየ «ይህን ማን ሠራው?» አለ። ባለቤቴን ነበር የጠየቀው።

«እሷ» አለ። «እኔ የምችለው ማብራትና ማጥፋት ነው። ዛሬ ማጥፋቱንም እሷው ሠራችልኝ።»

ሳጥኑ። አርባ አንደኛ ጊዜ። ቆረጠ። ለምን፦ ስለ ቆጠርኩ።

ሰኞ 16

ዛሬ በሩ አልተዘጋም። ማን መጥቶ ምን እንዳለ ልጻፍና ልተኛ።

መጀመሪያ የአሻንጉሊቶቹ እናት መጣች። የተረፉትን ወረቀቶች ይዛ፣ በያንዳንዱ ላይ «ኤሌክትሮኒክስ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዛ ከሥሩ ለብቻው ጽፋ፣ አጠገቡ የእኔን ስም። ሠላሳ ሰባት ወረቀት። «ሁሉንም በእጅሽ?» ስላት «ጥንቸሉ ረዳኝ» አለች። አንዱን ደብተሬ ውስጥ አስገብቻለሁ። ቀለሙ ደህና ነው፣ ይነበባል።

ከዳቦ ቤቱ ሴቶች አንደኛዋ፣ ያቺ ከረጢት የምታጥፈው፣ «በዚህ ሳልፍ ነው» ብላ ገባች። በዚህ የትም አይታለፍም። ብረቱን ነካችና «እውነት ይሄ የሰውን ክፋት ያራግፋል?» አለችኝ። «አቧራ ብቻ ነው» አልኳት። ሁለታችንም የምናወራው ስለ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ዳቦ ትታልኝ ሄደች።

አንድ የማላውቀው ሰው በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ማሽን ታቅፎ መጣ። የኛው ዓይነት ነው። የወንድሙ እንደነበርና ድምፁ እንዳይጠፋ እንደሚፈራ ነገረኝ፤ ሳጥን እንድሠራለት ለመነኝ። «መጀመሪያ ፌስታሉን አውጣ፣ ከዚያ እጅህን እዚህ» አልኩት። ታዘዘኝ። ሐሙስ እጀምርለታለሁ።

በያጁ ለማየት ብቻ ነው ብሎ መጣ፤ የብረቱን ቀንድ ነካ ነካ አደረገው። «ባልደረባዬ፣ ደህና ይዟል?» አለኝ። «ደህና ነው፤ ትንሽ ግን ማጌጡ በዝቷል» አልኩት። ደስ አለው። «ቆይ፣ የሚከተለኝ ሰው አለ» አለና ወጣ።

የሚከተሉት እማማ ነበሩ። በሁለት ክራንች፣ ፈቃድ ዛሬ አግኝተው፣ ከሰባቱ ደረጃ ወርደው፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ተራምደው። ልጃቸው ከኋላ እጆቹን ዘርግቶ፣ ሳይነካቸው። በሩ ላይ ቆሙ። ሰላም ሳይሉኝ በፊት አንዱን ክራንች ለልጃቸው ሰጡና መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። አቆዩት። ባለቤቴ ቁልፉን ሊነካ ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው።

«ይበቃል እማማ፤ አንዴ ከነኩት ሁሉም ይሄዳል» አልኳቸው።

«ብልጭታዬንማ ጨርሻለሁ» አሉ፣ እጃቸውን ሳያነሡ። «ልጄ የሠራው ስለሆነ ነው።»